ጥያቄው ሳይጻፍ ፕሮቡ አይነሳ፦ ልጆችን በአልትራሳውንድ የመመርመር አሠራር

«የሆድ አልትራሳውንድ፤ ለማንኛውም ይታይ» የሚል ማዘዣ ይመጣል። ዕድሜ አልተጻፈም፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ አልተጻፈም፣ ሐኪሙ ምን እንደጠረጠረ አልተጻፈም። ልጁ በር ላይ እናቱ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ስለሚሠራ ጨረር የለውም፣ አያምም፣ ቶሎ ያልቃል፤ «ታዲያ ምን ይጎዳል?» እየተባለ ከብዙ ምርመራ ቀድሞ ይታዘዛል።

እኔ በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን መሣሪያው ራሱ ልጅ ሲጎዳ አላየሁም። ጉዳት ያየሁት ከመልሱ ነው። ያለ ጥያቄ በተነሳ ምስል ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ትገኝና ልጁ ለሲቲ ስካን፣ ከዚያ ለደም ምርመራ፣ ከዚያ ለሌላ ሪፈር ይንከራተታል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ «አልታየም» የሚለው ቃል «የለም» ተብሎ ተነቦ የታመመ ልጅ ወደ ቤቱ ሲሸኝ ነው። ከታች ያለው አሠራር ለሚያዝዘውም ለሚያነሳውም ባለሙያ ነው። ወላጅ ቢያነበውም ምን መጠየቅ እንዳለበት ይገባዋል።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ጥሩ ማዘዣ ይህን ይመስላል፦ «የ9 ወር ወንድ ልጅ፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ በየ15 እና 20 ደቂቃው እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ያለቅሳል፣ በመሃል ይፈዛል፣ ሁለት ጊዜ አስመልሷል። አንጀቱ አንጀት ውስጥ ገብቶ ይሆን?» ይህን ያነበበ ሰው የትኛውን ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚደረገውን የመሣሪያውን ክፍል) እንደሚያነሳ፣ ከሆዱ በየት በኩል እንደሚጀምር፣ ልጁን ከተራ አስቀድሞ ማስገባት እንዳለበት ሁሉ ያውቃል። «የሆድ ሕመም» ብቻ ከተጻፈለት ግን ከጉበት ጀምሮ እስከ ፊኛ ይዞርና አንጀቱ ጋ ሲደርስ ልጁ ትዕግሥቱን ጨርሷል።

ማዘዣው ባዶ ሆኖ ከመጣ ላዘዘው ሐኪም ደውሉ። ካልተገኘ እናቱን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ እሷ ከወረቀቱ የተሻለ ታውቃለች።

2. አልትራሳውንድ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው ወይ?

በልጆች ላይ አልትራሳውንድ ከምርመራዎች ሁሉ የሚቀድምባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። የትርፍ አንጀት ጥርጣሬ፣ አንጀት ውስጥ የገባ አንጀት፣ በጥቂት ሳምንታት ዕድሜ የሚመጣ እየተፈናጠረ የሚወጣ ትውከት፣ የኩላሊትና የፊኛ ችግር፣ የአንገት እብጠት፣ ሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ የሚያነክስ ልጅ የዳሌ መገጣጠሚያ፣ ያለጊዜው የተወለደ ጨቅላ አንጎል። የልጅ ስብ ጥቂት ነው፣ አጥንቱ ገና አልጠነከረም፣ የአካሉ ክፍሎች ለቆዳ ቅርብ ናቸው፤ ስለዚህ በአዋቂ ላይ የማናገኘውን ጥራት እናገኛለን።

የማያስፈልግበትም አለ። ቆለጡ ላልወረደ ወንድ ልጅ አልትራሳውንድ ማዘዝ የተለመደ ስህተት ነው። በእጅ የማይዳሰሰውን ቆለጥ ምስሉም በአስተማማኝ አያገኘውም፤ ቢያገኘውም ባያገኘውም የቀዶ ሕክምናውን ውሳኔ አይለውጠውም። እስከ 6 ወር ካልወረደ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሐኪም ይላክ። በዓይን የሚታይና በእጅ የሚመለስ የእምብርት ወይም የብሽሽት ቡአም ምስል አይፈልግም። ከወገብ በታች ያለች ተራ ስርጉድ እንዲሁ፦ በመሃል መስመር ላይ ከሆነች፣ ስፋቷ ከ5 ሚሊሜትር ካነሰ፣ ከፊንጢጣ ከ2.5 ሴንቲሜትር ካልራቀችና አጠገቧ ፀጉር፣ ቀይ ምልክት ወይም እብጠት ከሌለ ተዉአት።

ሦስተኛው፣ አደገኛው ክፍል፣ አልትራሳውንድ ጠቅሞ የማይበቃበት ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ጨቅላ ሕፃን አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ አንጀቱ እንደተጠማዘዘ ይቆጠራል። አልትራሳውንድ የደም ሥሮቹን እንደ አውሎ ነፋስ ተጠምልለው ካሳየ ትልቅ ነገር ነው፤ ምንም ባያሳይ ግን ልጁ ነፃ ነው አይባልም። የቀዶ ሐኪም ይጠራል፣ መድኃኒት አጠጥቶ የሚነሳው የላይኛው አንጀት ራጅ ይታሰባል።

ሆዱን የተመታ ልጅ ላይ የፈሰሰ ደም አለመታየቱ ጉበቱና ጣፊያው አልተጎዱም ማለት አይደለም። ጭንቅላቱን የተመታ ሕፃን እርግብግቢቱ ክፍት ስለሆነ ብቻ በዚያ በኩል አይቶ «ደም የለም» ማለትም አይቻልም፤ ከራስ ቅሉ ሥር በጠርዙ በኩል ያለውን ፕሮቡ አያየውም።

ድንገት የጀመረ ኃይለኛ የቆለጥ ሕመም ደግሞ ሰዓቱ ያሳስባል። የተጠመዘዘ ቆለጥን ለማዳን የሚሻለው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ናቸው። ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ልጁ ለምስል ተራ አይጠብቅ፤ ወደ ቀዶ ክፍል ይሂድ። በዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን በሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዘዴ፣ ጥቂት የደም ዝውውር መታየቱም መጠምዘዙን አያስተባብልም።

3. ቀኑን ምረጡ

አንዳንዱ ምርመራ ትክክል ሆኖ ጊዜው የተሳሳተ ይሆናል። የዳሌ መገጣጠሚያ ምርመራ ዋነኛው ምሳሌ ነው። በወሊድ ጊዜ በመቀመጫው የመጣ ወይም በቤተሰቡ የዳሌ ውልቃት ያለበት ሕፃን መታየት አለበት፤ ነገር ግን በተወለደ በሳምንቱ ከታየ መገጣጠሚያው በተፈጥሮው ገና ልል ስለሆነ ጤነኛውን ሁሉ በሽተኛ እናደርገዋለን። ሐኪሙ በእጁ መርምሮ ውልቃት ካላገኘ በቀር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቅ። ኦስትሪያዊው ሐኪም ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ዘዴ አልፋ የሚባለው የዳሌው ጎድጓዳ ማዕዘን 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ዳሌው በስሏል ይባላል። ልጁ ከ4 እስከ 6 ወር ሲሞላው የጭን አጥንቱ ራስ አጥንት መሥራት ስለሚጀምር ተራው የራጅ ይሆናል።

ህብለ ሰረሰርም መስኮቱ አጭር ነው፤ ከ3 ወይም 4 ወር በኋላ የጀርባ አጥንቱ እየጠነከረ ድምፁን ያግዳል። በፅንስነቱ ኩላሊቱ ሰፍቶ የታየ ልጅ ደግሞ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከታየ ሽንቱ ገና ጥቂት ስለሆነ ስፋቱ ያነሰ መስሎ ያታልላል። የሽንት መውጫው የተዘጋ ከመሰለ ግን መጠበቅ የለም።

ያለጊዜው በተወለዱት ላይ የአንጎል ደም መፍሰስ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይከሰታል፤ የነጩ ክፍል ጉዳት ግን ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚወጣው። አንድ ጊዜ ታይቶ ደህና የተባለ ጨቅላ ሊወለድበት ይገባው በነበረው ቀን አካባቢ ደግሞ ይታያል።

4. ዝግጅቱ ከልጁ ሆድ አይብለጥ

ሁሉንም ልጅ አስርቦ ማምጣት ጭካኔ ነው፤ ጥቅምም የለው። ጾም የሚያስፈልገው በዋናነት የሐሞት ከረጢትና የጉበት ጥያቄ ሲኖር ነው። ጡት ለሚጠባ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ጥቢ ማዘለል፤ እስከ 5 ዓመት ላለው ወደ 4 ሰዓት፤ ከዚያ በላይ 6 ሰዓት ይበቃል። ለኩላሊት፣ ለዳሌ፣ ለአንገት፣ ለአንጎል ምርመራ በልቶ ጠጥቶ ይምጣ። የጠገበ ሕፃን ይተኛል፤ የተኛ ሕፃን ደግሞ ከምንም ማስታገሻ ይበልጣል።

ለፊኛ ምርመራ ግን ሽንት ያስፈልጋል። ፊኛው ምን ያህል ሊይዝ እንደሚገባው ለመገመት ለልጁ ዕድሜ 2 ደምሩና በ30 አባዙ፤ የ5 ዓመት ልጅ ወደ 210 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ዳይፐር ላይ ያለውን ግን አትጠብቁት፦ ሲገባ መጀመሪያ ፊኛውን እዩ፤ ጄሉ ሲነካው ሽንቱን ይለቃልና።

5. ክፍሉን ለልጁ አዘጋጁ

መብራቱን ቀንሱ እንጂ አታጨልሙት። ጄሉን አሙቁ፤ ነገር ግን ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፉ አይደለም፤ ሙቀትና እርጥበት ለባክቴሪያ ይመቻል። በተበከለ ጄል ሳቢያ ሕሙማን ቡርክሆልደሪያ በሚባለው ባክቴሪያ የተያዙባቸው አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል። ደረቅ ማሞቂያ ከሌለ በጓንታችሁ መዳፍ ላይ አፍስሳችሁ ጥቂት ያዙት። ያለቀ ጠርሙስ ከትልቁ ጀሪካን እየሞሉ መጠቀም ይቅር። ያለጊዜው ለተወለደና ቆዳው ለቆሰለ ልጅ አንዴ ተከፍቶ የሚጣል ንጹሕ ጄል ብቻ። ፕሮቡ ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ፣ መጀመሪያ ጄሉ ተጠርጎ፣ አምራቹ በፈቀደው ማጽጃ ይታጠባል፤ ገመዱም አይረሳ።

አንዲት የ3 ዓመት ልጅ ትዝ ትለኛለች። አልጋው ላይ ሊያስተኟት ሲሞክሩ ክፍሉን በጩኸት ሞላችው። «እናቷ፣ እርስዎ አልጋው ላይ ይቀመጡ፤ እሷን ደረትዎ ላይ ያስደግፏት» አልኳቸው። ጄሉን መጀመሪያ እናቷ ክንድ ላይ፣ ቀጥሎ አሻንጉሊቷ ሆድ ላይ ጠብ አደረግሁ። «ቁርስሽ የት ገባች? ነይ እንፈልጋት» ስላት ራሷ ሸሚዟን ገለጠች። አራት ደቂቃ ፈጀ። አስተኝተን፣ እጅ እግሯን ይዘን ብንሞክር ኖሮ የሚያለቅስ ልጅ የሚውጠው አየር አንጀቱን ሞልቶ ምስሉን ያበላሽብን ነበር። ለአልትራሳውንድ ማደንዘዣ የሚያስፈልገው ልጅ በጣም ጥቂት ነው።

በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ያለ ጨቅላ ከሆነ መሣሪያው ወደ እሱ ይሄዳል እንጂ እሱ ወደ መሣሪያው አይመጣም። በትንሹ በር እጃችሁን አስገቡ፤ ነርሷ የሙቀቱንና የኦክስጅኑን ቁጥር ትከታተል።

6. መሣሪያውን አስተካክሉ

ከእናንተ በፊት አዋቂ የታየበት መሣሪያ በአዋቂ ልክ ነው የተቀመጠው። የልጅ ፕሪሴት (መሣሪያው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን የልጅ ልክ) ምረጡ። ለሕፃን አንጀት፣ ዳሌና ህብለ ሰረሰር ከ9 ሜጋኸርዝ በላይ የሆነ ሊኒየር (ፊቱ ጠፍጣፋ) ፕሮብ፤ ለጨቅላ አንጎል ፊቱ ትንሽና ጎባጣ የሆነ ማይክሮኮንቬክስ፤ ለታዳጊው ጉበትና ኩላሊት ፊቱ ሰፊና ጎባጣ የሆነ ኮንቬክስ። ጥልቀቱን ቀንሱ፤ የምትፈልጉት ነገር የስክሪኑን ሲሶ ካልሞላ ገና ሩቅ ናችሁ።

ቀጥሎ የኃይሉ ጉዳይ ነው። ደንቡ፦ ለጥያቄው መልስ በሚበቃው ዝቅተኛ ኃይልና አጭር ጊዜ መሥራት። ምስሉ ሲጨልም መጀመሪያ ጌይኑን ጨምሩ፤ ጌይን የሚመለሰውን ድምፅ ብቻ ስለሚያጎላ ልጁ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። የሚወጣውን ኃይል ማሳደግ የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ተመልከቱ። የሙቀት ኢንዴክስ የሚባለው አካሉ ምን ያህል ሊሞቅ እንደሚችል ይጠቁማል። አጥንት ድምፁን ውጦ ስለሚሞቅ በጨቅላ ጭንቅላት ላይ ይህ ቁጥር ከ0.7 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የምትቆዩበት ጊዜ ማጠር አለበት፤ ከ3 በላይ ጨርሶ አይሞከርም። ሜካኒካል ኢንዴክስ የሚባለው ደግሞ አየር ያለበትን ክፍል ይመለከታል፦ በጨቅላ ሳንባና አንጀት ላይ ከ0.3 ሲያልፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለዓይን የራሱ ፕሪሴት ከሌለ አታንሱ፤ የዓይን ወሰን 0.23 ሲሆን ለሌላው አካል የሚፈቀደው ግን እስከ 1.9 ይደርሳል።

ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚሠራው ፐልስድ ዶፕለር ከተራው ምስል የበለጠ ያሞቃል። የሚለካውን ለኩ፣ ፍሪዝ አድርጉ (ምስሉን አቁሙ)፣ ከዚያ አስቡ። ፕሮቡን ሕፃኑ ግንባር ላይ አስደግፎ ከባልደረባ ጋር መከራከር ደግ ልማድ አይደለም። ለማስታወሻ ተብሎ ቪዲዮ መቅረጽም እንደዚያው።

7. ሲታይ፦ የቀኝ በኩል ሆድ

ሦስቱን በብዛት የሚመጡ ብቻ ላንሳ።

ትርፍ አንጀት። ልጁን «በአንድ ጣትህ የሚያምህን አሳየኝ» በሉት። መዳፉን ሆዱ ላይ ካዞረ አንድ ነገር ነው፤ በአንዲት ጣት አንድ ነጥብ ካሳየ ሌላ ነገር ነው። ከማያመው ከግራ በኩል ጀምሩ፤ እምነቱን ታገኛላችሁ። ከዚያ ሆላንዳዊው ሐኪም ፑላርት እ.ኤ.አ. በ1986 ባስተዋወቀው መንገድ፣ ልጁ ሲተነፍስ ተከትላችሁ ቀስ በቀስ ተጫኑ፤ ስትለቁም ቀስ ብላችሁ። ድንገት መልቀቅ ከመጫኑ ይልቅ ያማል። ጫናው በመሃል ያለውን አየር ይገፋና ከኋላ ያለውን ጡንቻና የደም ሥሮች ያወጣላችኋል፤ ትርፍ አንጀቱም ብዙ ጊዜ በእነሱ ላይ ተጋድሞ ነው የሚገኘው። ጫፉ የተዘጋ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ስትጫኑት የማይታጠፍ፣ ከ6 ሚሊሜትር የወፈረ ቱቦ፣ ዙሪያውን ስቡ ነጣ ብሎ ካበጠ አገኛችሁት። ውፍረቱን ብቻ ይዛችሁ ግን አትፍረዱ፤ ጤነኛ ሆኖ 7 ሚሊሜትር የሚሞላ አለ።

አንጀት ውስጥ የገባ አንጀት። ከቀኝ ታችኛው ሆድ ተነሥታችሁ ትልቁን አንጀት ተከትላችሁ ወደ ጉበቱ ሥር ውጡ። ክብ በክብ ውስጥ የሆነ ዒላማ የሚመስል፣ ስፋቱ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ፣ መሃሉ ላይ ስብና ንፍፊት ያለበት ነገር ታያላችሁ። በግራ ወይም እምብርቱ ዙሪያ የምትታይ፣ 2 ሴንቲሜትር የማትሞላ፣ እያያችኋት የምትፈታ ከሆነች ብዙ ጊዜ በራሷ የምትመጣና የምትሄድ የትንሹ አንጀት ነገር ናት። ትልቁን ካገኛችሁ ስልኩን አንሱ፤ ሪፖርቱ ኋላ ይጻፋል።

የጨጓራ በር። ሕፃኑን በቀኝ ጎኑ ዘንበል አድርጉት። የአንድ ወገን ጡንቻ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ፣ የበሩ ርዝመት 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በሩ ጠቧል። ነገር ግን ልኬቱን ከመውሰዳችሁ በፊት ሰዓት ይዛችሁ ጥቂት ደቂቃ እዩት፤ ለጊዜው የተኮማተረ በር ይከፈታል፣ የወፈረው አይከፈትም። ልኬቱ ድንበር ላይ ከዋለና ሕፃኑ ማስመለሱን ካልተወ፣ በአንድ ወይም ሁለት ቀን ደግማችሁ እዩት።

8. የልጅን ጤነኛ ምስል እወቁ

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ጨቅላ ኩላሊት ውስጥ ተደርድረው የተቀመጡ ጥቋቁር ክቦች አየሁና «ውሃ የቋጠረ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ምስሉን አይቶ ሳቀ፤ አባትየው ግን ሌሊቱን ሳይተኛ አድሯል። የጨቅላ ኩላሊት ቅርፊቱ ነጣ፣ ፒራሚዶቹ ጠቆር ብለው ይታያሉ፤ ተፈጥሮው ነው። ከኩላሊቱ በላይ ያለው አድሬናል ዕጢም በጨቅላነት ትልቅ ነው። ደረት ላይ ያለው ታይመስ የሚባል የተፈጥሮ ዕጢ እንደ ዕጢ በሽታ ብዙ ሰው አስደንግጧል። በጤነኛ ልጅ ሆድ ውስጥም ትናንሽ ንፍፊቶች ይታያሉ።

ልኬት ያለ ዕድሜ ትርጉም የለውም። ኩላሊት ሲወለድ ወደ 5 ሴንቲሜትር ነው። ጣፊያ በ1 ዓመት እስከ 7፣ በ4 ዓመት እስከ 9፣ በ10 ዓመት እስከ 11 ሴንቲሜትር ጤነኛ ነው። ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

9. ሪፖርቱና ለቤተሰቡ የሚነገረው

ሪፖርቱ የሚጀምረው ማዘዣው ላይ ለተጻፈው ጥያቄ በሚሰጥ መልስ ነው። «ታይቷል፣ ጤነኛ ነው»፣ «ታይቷል፣ ታሟል» እና «አልታየም» ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ አትቀላቅሏቸው። «አልታየም» ስትሉ ምክንያቱን ጨምሩ፦ አየር ነበር፣ ልጁ አላስነካም፣ ውፍረቱ አግዷል። በጎን የተገኘ ነገር ካለ፣ ምንም ማድረግ የማያስፈልገው ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ሌላው ሰው ይደናገጥበታል።

ከዚያ ለቤተሰቡ በቃል። ትርፍ አንጀቱ ያልታየኝን የአንድ ልጅ እናት «ታዲያ ደህና ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ማለት አይደለም» አልኳቸው። «ዙሪያው ላይ የብግነት ምልክት አላየሁም፤ ትርፍ አንጀቱን ራሱን ግን አላገኘሁትም። አሁን ሐኪሙ እንደገና በእጁ ይመረምረዋል። ወደ ቤት ከላካችሁም፣ ሕመሙ ወደ ቀኝ ከወረደ፣ ሲራመድ ካጎበጠው፣ ካስመለሰ ወይም ካተኮሰው ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይምጡ፤ እኔም ደግሜ አየዋለሁ።» እናትየው ወረቀቱን ተቀብለው ጀርባው ላይ አራቱን ምልክቶች በራሳቸው እጅ ጻፏቸው።